«በርቱ፣ ደርሳችኋል!»

የእህቴ ልጅ ለአቅመ ደካሞች ቤት ማደሻ በተዘጋጀው የደብረ ብርሃን ሩጫ ላይ ልትሮጥ ተመዝግባ፣ እኔ ከመንገድ ዳር ቆሜ እንዳበረታታት ታዘዝኩ። ሯጮቹ ተለቀቁ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳይዙ፣ አጠገቤ የቆመ ጎልማሳ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርውሮ «በርቱ! ደርሳችኋል! ትንሽ ናት የቀረቻችሁ!» ብሎ ጮኸ። የት ነው የደረሱት? ውድድሩ ዐሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ የኋለኞቹ ገና የመነሻውን መስመር አልረገጡም።

ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ «ጋሼ፣ ሞራል ነው እኮ» አለኝ።

ይህን ሞራል እኔ ድሮ አውቀዋለሁ። መንዝ ውስጥ መንገድ ጠይቆ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። «እዚህች ናት» ይሉሃል በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ከዚያች ጉብታ ኋላ»። ጉብታዋን ስታልፍ ሌላ ጉብታ፣ ከእሷ ኋላ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ደግሞ በግ የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ «እዚህች ናት» ይላል። አንድ የአባቴ ወገን ከመሐል ሜዳ ወዲያ ለሠርግ ጠርቶን «እዚህች ናት» ብሎ ነበር። ስንደርስ ሙሽራዋ ሄዳለች፣ ዳሱ እየፈረሰ ነው፣ ከጠላው የቀረው አተላው ብቻ ነው። ሰውየው ዛሬም በደህና አለ። ባገኘኝ ቁጥር «ያኔ ደክሟችሁ ነበር እንዴ?» ይለኛል። ይቅር አላልኩትም፤ የንስሐ አባቴም ያውቃሉ።

ደግሞ ይህ ውሸት የሚነገረው በየትኛው አገር ነው? አበበ ቢቂላ የተወለደበት ጃቶ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንሰናዳ፣ እሱ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨረሰው። ገና ሲነሣ «ደርሰሃል» ያለው ሰው የነበረ አይመስለኝም። በ1991 ዓ.ም. በሴቪያው የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ጌጤ ዋሚም የጫጫ ልጅ ናት። ታዲያ የጫጫን ሰው ስታገኙ ጌጤ በእሱ ደጃፍ እየሮጠች እንዳደገች ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም። ምን ያህል ሰፊ ደጃፍ ቢሆን ነው!

ከጎልማሳው ይልቅ ያናደደኝ ግን የክብር እንግዳው ነው። ታኅሣሥ ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን የክብር እንግዳው መኪና ማሞቂያ አልነገራቸውም። ያ ሁሉ ሰው በስስ ካናቴራ እየተንቀጠቀጠ እሳቸውን ጠበቀ። ሲመጡም ለመዘግየታቸው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወረቀት አወጡ። ለድሆች ቤት የተከፈለውን ገንዘብ የሰበሰቡት እሳቸው ይመስል ስለ ራሳቸው መሥሪያ ቤት ስኬት ያነብባሉ። አዛውንቶች እኮ ቆመዋል! ሕፃናት ቆመዋል! በመጨረሻም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ደመደሙ።

ይህን ተረት እወደዋለሁ። ማኅበርም ሆነ እድር በተሰበሰበበት የምናገረው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ሲናገሩት ግን የእህቴ ልጅ ሹራቧን አውልቃ «አጎቴ፣ ያዝልኝ» አለች። ቀጥሎ የጓደኛዋ ጃኬት መጣ። ቀጥሎ የሁለቱም ስልክ፣ የቤት ቁልፍ፣ የጓደኛዋ ወንድም ኮት፣ የአንዲት እናት ነጠላ፣ የአንድ አዛውንት በርኖስ። የመንዝ በርኖስ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? በጉ ራሱ ይቀልላል። ከዚያ የማላውቀው ወጣት ከየት መጣ ሳልል «ጋሼ፣ እዚሁ ነዎት አይደል?» ብሎ ቡናማ ጃኬቱን ከላይ ጭኖብኝ ሮጠ። ሃምሳው ሰው በጌጡ እየሮጠ፣ ሎሚው ሁሉ እኔ ላይ ቀረ። የእህቴ ልጅ በፊቴ ስታልፍ ላጨበጭብላት እጅ አልነበረኝም። «አጎቴ፣ ምነው ዝም አልክ?» ብላ አኩርፋ አለፈች።

ጎልማሳውን ረሳሁት። እሱማ ፈጣኖቹ ሲያልፉ አብሮ ሄደ፤ መጨረሻው ላይ ፎቶ ይነሣ ነበር አሉ። ኋላ፣ መንገዱ ጭር ካለ በኋላ፣ አንዲት ወፍራም እናት ወገባቸውን ይዘው እያዘገሙ መጡ። መጨረሻው መስመር ከፊታቸው ነበር፤ እውነትም ደርሰው ነበር። ይህን የሚነግራቸው አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ከበርኖሱ ሥር ሆኜ ያልኩትን የሰሙ አይመስለኝም።

ሁሉም ልብሱን ወሰደ፣ ከወጣቱ በቀር። ቡናማው ጃኬት እስካሁን እኔ ቤት ነው። ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ፤ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ግን በልቼዋለሁ።