ቤት ከመፍረሱ በፊት ይፈታ

ባለፈው ጥር አዳማ ውስጥ ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት በኤክስካቫተር ሲፈርስ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለከትኩ። የቤቱ ግድግዳ የጭቃ ቢሆንም ምሰሶዎቹ የጥድ፣ በርና መስኮቶቹ የዝግባ ነበሩ፤ በረንዳው ደግሞ በቀይ ሸክላ ጡብ የተነጠፈ ነበር። የማሽኑ ክንድ በሩን እንደተቆለፈ፣ መስኮቱን መስታወቱ እንዳለበት ጠርምሶ ገባ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ነገር መሬት ላይ ነበር። የተጨማደደው ቆርቆሮና ብረት በኪሎ ለቆራሌ ተሸጠ፤ እንጨቱ ለማገዶ ተጫነ፤ ጡቡ፣ ጭቃውና የመስታወቱ ስብርባሪ ተደባልቆ በገልባጭ መኪና ወጣ። ባለቤቱን አውቀዋለሁ፤ በቦታው ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ለማቆም የተዘጋጀ፣ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ የሚጠይቅ ጠንቃቃ ሰው ነው። «በሮቹን እንኳ ቀድመህ ብታስነቅላቸው ምን ነበረበት?» ብዬ ብጠይቀው «ማሽኑ የሚታሰብብኝ በሰዓት ነው፤ ለአሮጌ በር ብዬ አላስቆመውም» አለኝ።

መልሱ ምክንያት ያለው ስለሆነ እዚያው አልተከራከርኩትም። ስህተቱ ግን ማሽኑን አለማስቆሙ ሳይሆን በሮቹ ማሽኑ ከመምጣቱ ከሳምንት በፊት አለመነቀላቸው ነው። ስለ አሮጌ የግንባታ ዕቃ ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ዕቃው ከተገኘ በኋላ ስላለው ብልሃት፣ ማለትም ከአሮጌ ጣውላ ጠረጴዛ ስለሚሠራው አናጺ ወይም ከአሮጌ መስኮት መደርደሪያ ስለምታወጣው ባለሙያ ነው። እኔ ግን የዕቃው ዕጣ የሚቆረጠው ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ ቤቱ ሊወርድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው እላለሁ። በእነዚያ ቀናት ሁለት አናጺና ሁለት የቀን ሠራተኛ ከገቡበት በር በርነቱን ይዞ ይወጣል፤ ካልገቡበት ደግሞ ከዚያ በኋላ የትኛውም ብልሃት አይመልሰውም።

በአማርኛ ማሽን ይፈታል፣ አልጋ ይፈታል፣ ትዳር ሳይቀር ይፈታል፤ ከተማ ውስጥ ግን ቤት ይፈርሳል እንጂ ይፈታል ሲባል አልሰማሁም። ገጠር ሲኬድ ነገሩ ይለያል። እዚያ ሰው ቦታ ሲለቅ ቤቱን ነቅሎ ይሄዳል፤ ቆርቆሮውን፣ ምሰሶውን፣ አጠናውንና በሩን በጋሪ ወይም በአህያ ጭኖ አዲሱ ቦታ ላይ ያቆመዋል፤ ጥሎት የሚሄደው ጭቃውን ብቻ ነው። የድሮው የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲሠራም መነቀል እንዲችል ሆኖ ነው፤ በምስማርና በልጥ የተያያዘ ነገር በጉጠትና በቢላ ይለያያል። ይህን ልማድ ከተማ ስንገባ ጣልነው። ያገለገለ ልብስ ሰልባጅ ብለን ሳናፍር ገዝተን እንለብሳለን፤ ቃሉ ከውጭ ሲመጣ ትርጉሙ ከጥፋት የተረፈ ዕቃ ማለት ነበር፤ ያገለገለ በር ግን ቤታችን ላይ ሲታይ እናፍራለን።

አንድ አንባቢ ቆራሌዎች እያሉ ምን ይባክናል ሊለኝ ይችላል። የቆራሌዎችን ሥራ አላንኳስስም፤ እነሱ ባይኖሩ ከተማዋ በቁርጥራጭ ብረት ትሞላ ነበር። ሆኖም ቆራሌ ዕቃን የሚያውቀው በክብደቱ ነው። ማጠፊያዋ ብቻ የላላባት የብረት በርና የተሰባበረ የአልጋ እግር ሚዛኑ ላይ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ይሄዳሉ። ብረት ለመቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ብየዳ ሠራተኛ በግማሽ ሰዓት የሚያቃናውን በር በዚህ ሁሉ እሳት አቅልጠን፣ ፌሮ አድርገን፣ በሌላ ገንዘብ መልሰን እንገዛዋለን። እንጨት ደግሞ ቆራሌ እንኳ የለውም፤ ወደ ምድጃ ነው የሚሄደው።

የገንዘቡን ነገር ለረጅም ጊዜ መናገር አያስፈልገኝም፤ ቤት የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ጠፍቶ ሰው በወረፋና በደላላ ሲንገላታ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መስታወቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ ቁልፉ፣ የቧንቧ ዕቃው፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ተሰቀለ። ያን ጊዜ ነው እኔም ከእናቴ ቤት ጀርባ ባለሁለት ክፍል ሰርቪስ ለመሥራት አሮጌ ዕቃ መፈለግ የጀመርኩት።

መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ቅደም ተከተል ነው። አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ፕላኑን ይሠራና በሩን በልኩ ያዝዛል። በአሮጌ ዕቃ የሚሠራ ሰው ግን በሩንና መስኮቱን ቀድሞ ማግኘት፣ ቀጥሎ ለግንበኛው የክፍተቱን ልክ ከእነሱ መስጠት አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ግድግዳውን ስላስጀመርኩ ያገኘኋት መስኮት በስምንት ሳንቲ ሜትር በልጣ ብሎኬት አስፈልጬ ለማስገባት ተገድጃለሁ። ግንበኛው እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ቆርቆሮውን ያገኘሁት ከአንድ የፈረሰ መጋዘን ነው። የቆርቆሮ ጌጅ፣ ማለትም የውፍረቱ መለኪያ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብረቱ ይሳሳል፤ ድሮ የተመታው ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ዛሬ በርካሽ ከሚሸጠው ባለ 35 ጌጅ የወፈረ ነው፤ በእጅ ሲነሣ ክብደቱ ይናገራል። መመርመር ያለበት ዝገቱ ላዩን ብቻ መሆኑና የድሮው ምስማር የበሳበት ቦታ ነው። ቀዳዳው ጉብታው ላይ ከሆነ ጎማ ያለው ሮንዴላ ገብቶበት በአዲስ ምስማር ይዘጋል፤ ውኃው የሚሄድበት ቦይ ላይ ከሆነ ግን ያ ቆርቆሮ ለጣሪያ አይሆንም፤ ለአጥር ወይም ለዶሮ ቤት ይሁን። በአዳማ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከከተማችን ዳር የቆሙትን ባለ 51 እና ባለ 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው ነፋስ በደንብ ያልተያዘ ጣሪያንም ከጫፉ ይዞ ይገለብጣል። ስለዚህ ቆርቆሮው አሮጌ ቢሆንም ምስማሩ፣ በተለይ በክፈፉ ዙሪያ፣ አዲስና የተቀራረበ መሆን አለበት። የጎበጠ ምስማር እያቃኑ መምታት ቁጠባ አይደለም።

ስለ እንጨት ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ምክንያቱም በአሮጌ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት እሱ ነው። የሐበሻ ጥድ ምስጥን ይቋቋማል፤ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እስኪስፋፋ ድረስ የቤት ምሰሶ በብዙ ቦታ እሱ ነበር። ዛሬ ያን የመሰለ ጥድ ከጫካ ቁረጥ ቢባል ዛፉም የለም፣ ቢኖርም ሊቆረጥ አይገባም። የቀረን የጥድ ክምችት በየአሮጌው ቤት ግድግዳ ውስጥ የቆመው ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ምሰሶው ሲነቀል መጀመሪያ መታየት ያለበት መሬት ውስጥ የነበረው እግሩ ነው፤ በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ተደርጎ ብረቱ ካልሰመጠ ደህና ነው፤ ከሰመጠ ደግሞ የበሰበሰው ተቆርጦ አጭሩ ለሞራሌ፣ ማለትም ቆርቆሮ ለሚመታበት ቀጭን እንጨት፣ ይሰነጠቃል። ዝግባ ለበርና ለመስኮት ያማረ ነው፤ እርጥበትና ምስጥ ግን ያሸንፉታል፤ ስለዚህ ከመሬት መራቅ አለበት። የተነቀለ እንጨት ምስማሩ ሁሉ ወጥቶ፣ በድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲገባ ተደርድሮ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ምስማር የቀረበት ጣውላ የአናጺውን ማሽን ጥርስ ያረግፋል፤ አናጺዎች አሮጌ እንጨት አንነካም የሚሉትም በዚህ ነው።

ጡብን በሚመለከት ዕድሉ ያለው በመካከሉ በገባው ማያያዣ ላይ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ሸክላ ጡብ በመዶሻ ጀርባ መታ መታ ሲደረግ ራቁቱን ይወጣል፤ በጠንካራ ሲሚንቶ የተያያዘው ግን ሲለያይ ራሱ ይሰበራል። ደህናው ጡብ በሌላ ጡብ ሲመታ እንደ ብረት ያቃጭላል፤ የታመመው ድምፁ የታፈነ ነው። ከፍራንኮው ቤት በኋላ ሌላ ቦታ ያገኘሁት ጡብ ለሰርቪሱ ደጃፍ መደብ ሆኗል። እናቴ መጀመሪያ «የማን ቤት እንደነበር ሳታውቅ ዕቃውን ደጄ ታመጣብኛለህ?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን በርበሬዋን የምታሰጣው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስል አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይጠቅማል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ሐሳብ የሚማረኩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከአርማታ ውስጥ በመዶሻ የወጣ፣ የተጣመመና የተቃና ፌሮ ለኮለንና ለቢም፣ ማለትም ሕንፃውን ለሚሸከሙት የአርማታ ምሰሶና አግዳሚ፣ መዋል የለበትም። አንድ ጊዜ ጎብጦ የተቃና ብረት ሳይሰበር የመለጠጥ አቅሙን ያጣል፤ የት ቦታ ላይ እንደተጎዳም በዓይን አይታይም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌና ከመተሐራ አካባቢ እየተነሣ ያናወጠን፣ መጠኑ ከ5 በላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንደምንኖር አስታውሶናል። የብረቱ የመለጠጥ አቅም የሚፈለገው እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ በሚመጣባት ሌሊት ነው። የአሮጌ ኤሌክትሪክ ሽቦም እንዲሁ፤ ሽፋኑ ደርቆ ተሰነጣጥቋልና መዳቡ ለቆራሌ ይሂድ። አስቤስቶስ ያለበት የድሮ የሲሚንቶ ክዳን ከተገኘ መሰንጠቅ፣ መብሳትና መሰባበር አይገባም፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። የድሮ በር ላይ ያለው ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በደንብ የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ብናኙን መበተን ከበሩ ዋጋ በላይ ያስከፍላል። በውኃ እያራሱ መፋቅና ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ማስወገድ ይሻላል።

የጉልበት ዋጋም እውነተኛ ጥያቄ ነው። አንድን ቤት ቀስ ብሎ መፍታት ቀናት ይወስዳል፤ የአራት ሰው የቀን አበል ከአንዳንድ ቤት ከሚወጣው ዕቃ ሊበልጥ ይችላል። ግድግዳው ብሎኬት፣ በሩ ቀጭን ላሜራ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ የሆነ ቤት ሲያጋጥም እኔም ማሽኑ ይግባ ነው የምለው። ግን አሮጌ ጥድና ጡብ ያለበትን ቤትና ይህን እንዴት በአንድ ዓይን እናያለን? የስርቆት ጉዳይም አለ፤ የባቡር ሐዲድ ቁራጭና የመንገድ ጉድጓድ ክዳን ይዞ የሚመጣ ሻጭ ሲያጋጥም ዕቃው የሕዝብ ንብረት ስለሆነ አለመግዛት ነው። ከየት እንደመጣ የሚገልጽ የሻጭ ፊርማ ያለበት ወረቀት መያዝም ገዢውን ይጠብቃል።

አዳማ እየሰፋችና ከፍ እያለች ነው፤ ለመንገድና ለኮሪደር ልማትም፣ ለግል ግንባታም ቤቶች ይወርዳሉ። ይህ አይቀርም፤ ይቅር ማለቴም አይደለም። የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ቤት የሚያወርድ ማንኛውም አካል፣ ግለሰብም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ለአናጺ አምስትና ስድስት ቀን ይስጥ። ተነሺው ዕቃውን አውልቆ የሚያቆይበት ቦታ ከሌለው የሰጡት ቀን ትርጉም ስለማይኖረው፣ ከተማው አንድ የታጠረ ሜዳ ለይቶ ያገለገለ በር፣ መስኮት፣ ጡብና ጣውላ በኪሎ ሳይሆን በቁጥር የሚሸጥበት ቦታ ቢያደርገው ሻጭና ገዢ ይገናኛሉ። በማኅበር ተደራጅተው ቤት በማፍረስ የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉ፤ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለእነሱ የሚሆን አጭር የመፍታት ሥልጠና ቢሰጡ ገቢያቸው ከቁርጥራጭ ወደ ዕቃ ከፍ ይላል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ በደጃችን አለ፤ ተማሪዎቹ አሮጌ ጡብን ፈትነው ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ቢነግሩን ግንበኞቻችን በድምፅ ብቻ ከመፍረድ ይወጣሉ። ፍርስራሹን በየቦዩና በየሸለቆው መድፋቱ ቢቀንስ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ መውጫ ያገኛል፤ ለወለል ድልዳል የሚሆን ስንት ስብርባሪ ቦይ ዘግቶ እንደተኛ ቦኩ የሚባለውን የአዳማ አካባቢ ተሻግሮ የሚመላለስ ሰው ያየዋል።

እኛ ሰፈር ከፋሲካ በኋላ የሚወርድ ሌላ ቤት አለ፤ በሮቹ አራት፣ መስኮቶቹ ስድስት ናቸው። ባለቤቷን ወይዘሮ ባለፈው እሑድ አነጋግሬያቸው ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት አምስት ቀን ሊሰጡኝ ተስማምተዋል፤ ዋናውን በር ግን ለልጃቸው ቤት ስለሚፈልጉት እንደማይሸጡት አስቀድመው ነግረውኛል።