ስድስት ቁጥር ማሊያ

የምንከባከባቸው አዛውንት 84 ዓመታቸው ነው። ሚላኖ ተወልደው ሚላኖ ያረጁ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የኤሲ ሚላን እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ናቸው። እኔ «አባባ» ነው የምላቸው። ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስም ብጠራቸው ደስ አይላቸውም።

ቀኝ እጃቸው ደካማ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ እንዲያንቀሳቅሱት አዟል። እንቢ ሲሉኝ አንድ መላ አለኝ። «ባሬዚ!» እላቸዋለሁ። ያኔ ክንዳቸው ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ከራሳቸው በላይ ይወጣል። ጣቶቻቸው ሁሉ ቀጥ ይላሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ የመስመር ዳኛው እዚያ የቆመ ይመስል።

የሚላኑ ተከላካይ ፍራንኮ ባሬዚ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። የተከላካይ መስመሩን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣና ክንዱን ያነሳል። ከጨዋታ ውጪ! ቁመቱ 1 ሜትር ከ76 ነው፤ ለመሀል ተከላካይ አጭር የሚባል። ግን ኳሷ የምትሄድበትን ቦታ ከአጥቂው ቀድሞ ያውቃል ይላሉ አባባ።

የባሬዚን ታሪክ ከሳቸው ሰምቼ ነው የወደድኩት። በ1960 እ.ኤ.አ. ብሬሻ አጠገብ ትራቫሊያቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ኳስ የጀመረው በቤተ ክርስቲያን ሜዳ ነው። እዚህ አገር ደብሩ ሁሉ ማለት ይቻላል ለልጆች መጫወቻ ሜዳ አለው፤ ኦራቶሪዮ ይሉታል። ታላቅ ወንድሙን ጁሴፔን ሌላው የሚላኖ ክለብ ኢንተር ወሰደው። ፍራንኮን ግን «ትንሽ ነህ» ብሎ መለሰው። ሚላን ተቀበለው። አሥራዎቹን ሳይጨርስ እናትም አባትም ሞቱበት። ያሳደገው ክለቡ ነው ማለት ይቻላል። ኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አንዱ የኢንተር አንዱ የሚላን አንበል ሆነው፣ ደርቢ ሊጫወቱ መሀል ሜዳ ላይ ተጨባበጡ።

ሚላን በ1980 በጨዋታ ማጭበርበር ቅሌት ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ተመለሰ። በ1982 ደግሞ በነጥብ ወረደ። በዚያው ክረምት ጣሊያን የዓለም ዋንጫ ወሰደች፤ ባሬዚም ባይሰለፍም ከቡድኑ ጋር ነበር። አብሮት የነበረው የሚላኑ ተከላካይ ፉልቪዮ ኮሎቫቲ ወደ ኢንተር ተሻገረ። ባሬዚ ቀረ። የዓለም ሻምፒዮን ተብሎ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ተጫወተ። በ22 ዓመቱ አንበል አደረጉት። እስከ 1997 ድረስ 719 ጨዋታ፣ ስድስት የሊግ ዋንጫ፣ ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ። ጫማውን ሲሰቅል ስድስት ቁጥርም አብሮት ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ በሚላን ዋና ቡድን ያንን ቁጥር የለበሰ የለም።

«ማሊያው አይቀየርም» ይሉኛል አባባ። ማሊያ የምትለዋን ቃል ያለ አስተርጓሚ ነው የሰማኋት። ከጣሊያኖቹ ወስደን የራሳችን ያደረግናት ቃል ናት።

ታናሽ ወንድሜም ተከላካይ ነበር። አዲስ አበባ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ክለብ ውስጥ። አንድ ቀን ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ተጠማዘዘ። የቡድኑ ወጌሻ በረዶ አደረገለት፤ በፋሻ አሰረለት። ቤት ገባ። ሜኒስከሱ፣ የጉልበቱ ውስጥ ልም አጥንት፣ መቀደዱን ያወቅነው ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ለምርመራው ገንዘብ እስክልክለት ድረስ። ውሉ በዚያ ዓመት አለቀና የጠራው ሰው የለም። አሁን ጎሚስታ ቤት ይሠራል። ብሎን ለመፍታት የሚንበረከከው በግራ ጉልበቱ ብቻ ነው። ቪዲዮ ላይ ሲያወራኝ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ሳየው አንጀቴ ይላወሳል።

የባሬዚም ጉልበት እንደዚያው ነው የተጎዳው። ሰኔ 23 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ፣ ከኖርዌይ ጋር ሲጫወቱ። ሜኒስከሱን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከ24 ቀን በኋላ ፓሳዲና ላይ በ34 ዓመቱ ለፍጻሜ ገባ። በዚያ ሙቀት የብራዚል አጥቂዎችን ሮማሪዮንና ቤቤቶን 120 ደቂቃ ያዘ። ብራዚል ጎል አላገባችም። ወደ መለያ ምት ሲሄዱ የመጀመሪያውን የመታው እሱ ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ወጣች። ዓለም የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የሳተውን ሮቤርቶ ባጆን ነው። አባባ ግን የሚያስታውሱት ባሬዚ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ነው። ይህን ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይሰበራል።

እዚህ ሁሉ ነገር ማር ነው ማለቴ አይደለም። ሌላው የሚላን ተከላካይ ፓውሎ ማልዲኒ ከ900 ጨዋታ በኋላ በ2009 በሜዳው የመጨረሻውን ሲጫወት ከገዛ ደጋፊዎቹ ያፏጩበት ነበሩ። ቢሆንም ሦስት ቁጥሩ ተቀምጦለታል። ሰው ቢበድልህ እንኳ ክለቡ መዝገብህን ይዞ ይጠብቅሃል። የኛ አገር ክለብ አብዛኛው በመሥሪያ ቤትና በከተማ አስተዳደር በጀት ነው የሚኖረው። በጀቱ ሲቋረጥ ክለቡ ይፈርሳል፤ ክለቡ ሲፈርስ የተጫዋቹ ስም የት ይቀመጣል? እኔን የሚቆጨኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው።

ባለፈው ሳምንት አባባ «የእናንተስ አንበል ማን ነው?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፎቶ አሳየኋቸው። አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበት ቀን። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የሚቀበለው አንበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ እናቱ ኤርትራዊት። 84ኛው ደቂቃ ላይ አቻ ያደረገን እሱ ነው። በጭማሪው ሰዓት ደግሞ ወንድሙ ኢታሎ አገባ። ክልስ እየተባለ የተሰደበባት አገር ዋንጫ ያነሳላት ሰው ነው።

አባባ መነጽራቸውን ወልውለው ስልኩን አስጠጉት። «ወንድማማቾች! እንደ ባሬዚዎቹ» አሉ። ከዚያ የት እንዳለ ጠየቁኝ።

በደርግ ዘመን ተሰዶ እዚሁ ጣሊያን እንደገባ ነገርኳቸው። ሮም አጠገብ ኦስቲያ ጋራዥ ከፍቶ መኪና ይጠግን ነበር። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. አረፈ።

«አንቺ መቼ ነው የመጣሽው ልጄ?»

«በ2014 እ.ኤ.አ.።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ስምንት ዓመት። «ታዲያ ለምን ሄደሽ አላየሽውም?» አሉኝ።

ስልኩን ተቀበልኳቸው። ከሚላኖ ሮም በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ነው።