ለኦስካር ሽማግሌ ይላክ

«ኦፐንሃይመር» 3 ሰዓት የሚሄድ ፊልም ነው። የአቶም ቦምብ አለበት። የፊዚክስ ሊቃውንት መዓት ናቸው። በ96ኛው የኦስካር ሽልማት በ13 ዘርፍ ታጭቶ 7ቱን ወሰደ፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልምም እሱው ተባለ። እኛ ሰፈር ግን ፊልሙ ስለ ቦምብ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አታገኙም። ፊልሙ ስለ ሰላምታ ነው።

ስትራውስ የሚባል ባለሥልጣን አለ። ቦምቡን ያሠራውን ሊቅ ኦፐንሃይመርን ፕሪንስተን ያለ ተቋም እንዲመራ ሊሾመው ጠርቶታል። ኦፐንሃይመር ግን እሱን ትቶ ኩሬ ዳር ወደቆመው አንስታይን ሄደና ሁለት ሦስት ቃል ተነጋገሩ። ከዚያ አንስታይን ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሲመለስ ስትራውስን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው አለፈ። በቃ። ስትራውስ «አምቶኝ ነው» ብሎ ያዘ። ኋላም ኦፐንሃይመር በሰው ፊት ቀለደበትና እሱም ተጨመረበት። ቂሙን አምቆ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ሰውዬው የመንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃዱን እንዲነጠቅ አደረገው።

ይህን ለመረዳት ጎንደሬ ፊዚክስ መማር አያስፈልገውም። ቅዳሜ ገበያ ላይ «እንዳላየች ሆና አለፈችኝ» ተብሎ የተጀመረ ኩርፊያ ስንት ሰርግና ስንት ተዝካር አልፎት ሲቀጥል እናውቃለን። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሽማግሌ መኖሩ ነው። እስቲ ሁለቱን ጃንተከል ዋርካ ሥር አስቀምጡልኝ። አንስታይን ለምስክርነት ይጠራል። «አባቴ፣ ያን ዕለት ኩሬው ዳር ምን ተባባላችሁ?» ይባላል። «ኧረ እኛስ ስለ ዓለም መጥፋት ነበር የምናወራው» ይላል። ሽማግሌዎቹ ወደ ስትራውስ ይዞራሉ። «ሰማህ? ስምህም አልተነሣ!» ኦፐንሃይመር በዕድሜ ያንሳልና ጉልበት ይስማል፣ ስትራውስ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፣ ጠላ ይቀዳል። ለዳይሬክተሩ ለክሪስቶፈር ኖላን የሚተርፈው የ20 ደቂቃ ፊልም ነው።

ሽማግሌ ያልኩት ደህናውን ነው እንግዲህ። ለእርቅ ተቀምጦ ሦስት ቀጠሮ በልቶ ጠጥቶ «ነገሩ ይደር» የሚለውን አይደለም። እሱ እጅ ቢገባማ ፊልሙ 6 ሰዓት ይሆን ነበር።

የዚያን ዓመት አሥሩንም የምርጥ ፊልም ዕጩዎች ያየናቸው በፍላሽ ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሰሞን ስለነበር ፊልም ከአዲስ አበባ በሰው ኪስ ይመጣና ከቤት ቤት ይዞራል። ፍላሹ የማን እንደሆነ እስኪረሳ ድረስ ነው የሚዞረው፤ ባለቤቱ መጥቶ ሲጠይቅ «ምን ችኮላ ነው?» ተብሎ ይቆጡታል። ሎስ አንጀለስ ላይ ሽልማቱ ሲጀመር ደግሞ እኛ ዘንድ መጋቢት 2 ቀን 2016፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሁዳዴ የገባበት ሌሊት ነበር። ከተማው ቅበላውን በልቶ ተኝቷል። አሸናፊውን የሰማነው ጠዋት ከስልክ ወሬ ነው፣ ማንም አልተገረመም፤ እኛማ ፍርዳችንን ቀድመን ሰጥተን ጨርሰናል።

ፍርዱ የሚሰጠው ቡና ላይ ነው። ዋናዋ ዳኛ እቴቴ ናቸው። አክስቴ ናቸው፤ ሰፈሩም እቴቴ ነው የሚላቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ጉዳያቸውም አይደለም። «አፉን ተወው፣ ዓይኑን እያየሁ ነው» ይላሉ። ከጎናቸው አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ሁለት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪዎችና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይቀመጣሉ። ጋሼ መምህር ከአሥሩ አንዱንም አላዩም። ስለዚህ አስተያየታቸው የሁላችንንም ይበልጣል፤ ያየ ሰው «ይሄ ደግ ነው፣ ያኛው ግን…» እያለ ይንተባተባል፣ ያላየ ሰው ሐሳቡ ጥርት ያለ ነው።

«ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» 206 ደቂቃ ነው። አቦል ላይ ጀምረነው በረካው አልቆ፣ ረከቦቱ ተነሥቶ፣ ፊልሙ ገና እየሄደ ነበር። ነገሩ ኦክላሆማ ነው፤ ኦሴጅ የሚባሉ የአገሬው ተወላጆች መሬታቸው ላይ ነዳጅ ወጥቶ ሀብታም ሆነዋል። አንድ ከጦርነት የተመለሰ ሰነፍ ሰውዬ በአጎቱ ምክር ከእነሱ አንዷን ያገባል። ከዚያ የልጅቱ እህቶች አንድ በአንድ ያልቃሉ፣ እሷም መድኃኒት ብለው በሚሰጧት ነገር ትደክማለች። መርማሪዎቹ ከዋሽንግተን የሚደርሱት ፊልሙ ከአጋማሹ ካለፈ በኋላ ነው። እቴቴ ቶናውን ሳይቀዱ ደርሰውበታል። «አጋቢውም አጎት፣ መካሪውም አጎት፣ ወራሹም አጎት! ሰባት ቤት የሚቆጥር አንድ ሰው ጠፋ በዚያ አገር?» አሉ። ፊልሙ በ10 ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሌላው ይቅር፣ ሊሊ ግላድስቶን ሳትሸለም መቅረቷ እስካሁን ይከነክነኛል። ልጅቱ ዝም ብላ ባሏን ስታየው ብቻ ሆድ ታባባለች።

የእሷን ሽልማት የወሰደችው ኤማ ስቶን ናት፣ በ«ፑር ቲንግስ»። ጥሩ ተጫውታለች፣ አልክድም። ግን ያንን ፊልም ከእቴቴ ጋር የሚያይ ሰው ሞክሩና ንገሩኝ። ከቤተሰብ ጋር ፊልም ማየት የራሱ ሥርዓት አለው፦ ሁለት ፊቶች መቀራረብ ሲጀምሩ አንዱ ያስላል፣ አንዷ «ውሃው ፈላ እንዴ?» ትላለች፣ አንዱ የወደቀ ነገር ፈልጎ አልጋ ሥር ይገባል፣ ሪሞት የያዘው ሰው ደግሞ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደፊት ሊያሳልፍ ሲል ይሳሳትና እዚያው ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። በአንድ ፊልም አንዴ ሲሆን ይቻላል። «ፑር ቲንግስ» ላይ ግን ሙሉ ቤት ጉንፋን የያዘው መሰለ። በ11 ዘርፍ ታጭቶ 4 ወስዷል፤ ታሪኩን ግን ከእኛ ቤት ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፣ ምክንያቱም እያሳልን ነው ያየነው።

«ባርቢ» ሌላ ጉድ ነው። በዓለም ሲኒማ ቤቶች ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ8 ዘርፍ ታጨ። ዳይሬክተሯ ግሬታ ገርዊግ በዳይሬክተርነት አልታጨችም፣ ባርቢን የሆነችው ማርጎ ሮቢ በተዋናይነት አልታጨችም፣ ኬንን የሆነው ራያን ጎስሊንግ ታጨ። ሙሽራዋን ትቶ ሚዜውን «እንዴት ያምርበታል!» እያለ ሲያሞግስ የሚያመሽ የሰርግ ታዳሚ አይታችኋል? እሱ ነው። ፊልሙ ደግሞ የሚያወራው ስለዚሁ ነገር መሆኑ! ማራኪ ካሉት ተማሪዎች አንዷ ይህን ስታስረዳ ጋሼ መምህር «በአሻንጉሊት ፊልም ይሠራል እንዴ?» ብለው ክርክሩን ዘጉት።

«አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል»ን ወድጄዋለሁ። ፈረንሳይ ተራራ ላይ ባል ከፎቅ ወድቆ ይሞታል፤ ገፍታው ነው ወይስ ራሱ ነው? ሚስት ትከሰሳለች። ፍርድ ቤቱ ባልየው ደብቆ የቀዳውን የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ያስደምጣል። እኛ ሰፈር ይህ ቅጂ አያስፈልግም፤ ቤቶቻችን በጭቃና በቆርቆሮ ተያይዘዋል፣ ጭቅጭቁን ሁሉም በቀጥታ ሰምቶታል፣ ማን ምን እንዳለ ከነቀኑ ይነግራችኋል። እቴቴም ያሉት ይኸንኑ ነው። «ጎረቤት የሌለው ቤት ምን ይሆናል? እንዲህ ነው የሚሆነው።» ደግሞ ፊልሙ ላይ የሚሠራው ውሻ ስሙ ሜሲ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱ ላይ አዳራሽ ድረስ መጥቷል። «ሜሲ ኦስካር ላይ ተገኘ» የሚለው ወሬ ፒያሳ ሲደርስ አንድ ካፌ ሙሉ ሰው ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ስለ ኳስ ተጨቃጨቀ። ውሻ ነው ብሎ የገባውንም ሰው የሮናልዶ ደጋፊ ነህ አሉት።

«ዘ ሆልድኦቨርስ» ቀላል ፊልም ነው፣ እንባም ሳቅም አለበት። የገና ዕረፍት ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቀሩ ሦስት ሰዎች፦ ነጭናጫ መምህር፣ እናቱ የተወችው ተማሪ፣ ልጇ ቬትናም የሞተባት ወጥ ቤት። ወጥ ቤቷን ሆና የሠራችው ዴቫይን ጆይ ራንዶልፍ ተሸልማለች፣ የሚገባት ነው። ቤታችን ግን ተናደደ። ልጇ የሞተባት ሴት ለገና ብቻዋን ቴሌቪዥን ታያለች! ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ ሠልስት የለ። እቴቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ እዚያው ሶፋ ላይ ለቅሶ ደረሱላት።

«ማኤስትሮ» 7 ዘርፍ ታጭቶ አንድም አላገኘም። ስለ እሱ ያስታወስነው የተዋናዩን ሰው ሠራሽ አፍንጫ ነው። ይለፈን።

«አሜሪካን ፊክሽን» ላይ አንድ ጥቁር ደራሲ፣ አሳታሚዎች ከጥቁር ሰው የሚፈልጉት መከራ ብቻ ስለሆነ በንዴት የፌዝ መጽሐፍ ይጽፋል፤ እነሱ የምር አድርገው ይሸልሙታል። ሳየው የከተማችን ልጅ ኃይሌ ገሪማ ትዝ አለኝ። ጎንደር የተወለደ የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል። የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም በ2021 እ.ኤ.አ. አክብሮ ሸልሞታል። አገራችን ለኦስካር ከላከቻቸው ፊልሞች ግን አንዱም ዕጩ አልሆነም። ጋሼ መምህር ምክንያቱን ያውቃሉ። አንድ ሰዓት ካላችሁ ይነግሯችኋል።

ቤቱን ለሁለት የከፈለው «ፓስት ላይቭስ» ነው። ልጅቱ በ12 ዓመቷ ከሴኡል ወደ ካናዳ ትሄዳለች። ከ24 ዓመት በኋላ የልጅነት ጓደኛዋ ኒው ዮርክ ድረስ ሊያያት ይመጣል፣ እሷ ግን አግብታለች። ሦስቱም ባንኮኒ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ በኮሪያኛ ያወራሉ፣ ባል አጠገባቸው ዝም ብሎ ይጠጣል። የባጃጅ ሹፌሩ ብድግ አለ። «ይሄ ባል ነው? ወንድ ነው ይሄ?» ተማሪዎቹ «እንዲያውም ወንድ ማለት እሱ ነው» አሉ። ክርክሩ እስከ ራት ሄደ። ያገቡት ሴቶች ምንም አላሉም። እኛ ዘንድ ዲቪ የደረሳት፣ ኤርፖርት የተሸኘች፣ ኋላ በፌስቡክ የተገኘች ልጅ የሌለችበት ሰፈር የለም እኮ። እቴቴን «ለዚህስ ሽማግሌ ይላክ?» አልኳቸው። «በማን ላይ ልኬ? ማን በደለ?» አሉኝ።

ምርጡ ግን ለእኔ «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ነው። የአውሽቪትዝ ካምፕ አዛዥ ቤተሰብ ከካምፑ አጥር ሥር ይኖራል። እናት አበባ ትኮተኩታለች፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ከግንቡ ወዲያ ያለውን አናይም፣ እንሰማለን ብቻ። የድምፅ ሽልማቱን ያገኘው በዚህ ነው፤ የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልምንም ወስዷል፣ ትልቁንም በሰጡት ኖሮ ባልኩኝ። መሐል ላይ መብራት ጠፋና ቀሪውን በላፕቶፕ ባትሪ፣ ድምፁን ከፍ አድርገን ጨረስነው። ያን ቀን ማንም አልቀለደም። ልትጠይቃቸው የመጣችው የሚስትየዋ እናት ሌሊት ድምፁን ሰምታ ሳትሰናበት ትሄዳለች። እቴቴ እሷ ላይ ነው የጨከኑት። «የሰማች እሷ ብቻ ናት። እሷ ናት ደግሞ ዝም ብላ የሄደች» አሉ።

በቀጣዩ ዓመት ዋናውን ኦስካር «አኖራ» ወሰደ፣ በድምሩ 5 ሽልማት። ከእቴቴ ጋር የሚታይ ስላልሆነ፣ ጉንፋኑን ፈርቼ፣ በቃል ተረኩላቸው። የሩሲያ ሀብታም ልጅ አሜሪካ ውስጥ አንዲት የምሽት ክበብ ልጅ ያገባል፣ ወላጆቹ ሲሰሙ ሦስት ሰዎች ይላካሉ። እቴቴ ደስ አላቸው። «ይኸው! በመጨረሻ ሽማግሌ የላከ ተገኘ!»

«የተላኩት ግን ትዳሩን ሊያፈርሱ ነው» አልኳቸው። «ከሰዎቹ አንዱማ ክርስትና ላይ ቆሞ ሳለ ስልክ ተደውሎለት፣ ሥነ ሥርዓቱን ጥሎ ሮጦ ነው የሄደው።»

ስለ ሙሽራዋ አልጠየቁኝም። ስለ ሙሽራውም፣ ስለ ሀብቱም፣ ፍቺው ተሳካ አልተሳካም፣ አንድም አላሉ። ሲኒውን አስቀምጠው ቀጥ ብለው አዩኝ።

«ሕፃኑስ? ተጠመቀ?»