በርበሬው አጠገብ የተሰጣ ርችት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ ነበር። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ከሚጀምርበት ጋ፣ የቆርቆሮ ሱቆች ተደርድረው አሉ። አንዱ ደጃፍ ላይ ማዳበሪያ ተነጥፎ በርበሬ ተሰጥቷል። ከበርበሬው ጎን፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሌላ ማዳበሪያ ላይ ቀይና ሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለባቸው ነገሮች ተሰጥተዋል። መጀመሪያ ከረሜላ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ ርችት ነው። አንድ ሃምሳ ፍሬ ይሆናል። እልፍ ብላ ደግሞ የባለሱቁ እህት ቡና ልታፈላ ከሰል እያራገበች ነው። ፍንጣሪው ቱስ ቱስ ይላል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት ባለሱቁን።

«ከእንቁጣጣሽ የተረፈ ነው እትዬ። እርጥበት ገብቶበት አልተኮስ ብሎኛል። ለገና እንዲደርስ ፀሐይ ይምታው ብዬ ነው።»

ልጁ ክፉ አይደለም። ዱቤ የሚሰጠኝ፣ የጋዝ ሲሊንደሬን አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚሸከምልኝ ልጅ ነው። በርበሬውንና ርችቱን የለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በርበሬውን ዶሮ እንዳይበትንበት ይጠብቀዋል።

ይህን የምጽፈው እሱን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ለምንሸጠውም፣ ለምንገዛውም፣ አይተን «ምን አገባኝ» ብለን ለምናልፈውም ነው። እኔም ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ በዚያ ሱቅ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

የሰፈሬ ሰዎች፣ ርችት ባሩድ ነው። አያቶቻችን ባሩድን ያውቁት ነበር። ቤቱ ጠመንጃ የሰቀለ ሰው ባሩዱን ምድጃ ዳር አያስቀምጥም፤ ልጅም አያስነካውም። እኛ ግን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ከቻይና ስለመጣልን መጫወቻ አደረግነው። ውስጡ ያው የጥንቱ ነገር ነው፤ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ። የዱሮው ቅመማ ከመቶ 75 እጁ ናይትሬት፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። ከባሩዱ ሌላ ያለው ለጌጥ የሚጨመር ነው። አረንጓዴውን ባሪየም፣ ቢጫውን ሶዲየም፣ ቀዩን ስትሮንቲየም ያወጣዋል። ባንዲራችንን ሰማይ ላይ ሲስለው ያምራል፣ አልክድም። እኔም ደረጃው ላይ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ።

ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው እዚህ ላይ አይሠራም። ምጣድ ላይ ዘይት ሲነድ ክዳን ትከድኑበታላችሁ፤ አየር ያጣና ይጠፋል። ርችት ግን የውጭ አየር አይለምንም። ናይትሬቱ ለራሱ የሚበቃውን ኦክስጅን ይዞ ነው የመጣው። ብርድ ልብስ ብትጥሉበት ብርድ ልብሱን ይዞ ይነዳል። አፈር ብታለብሱት ከሥር ይቀጥላል። የተከማቸ ርችት እሳት ከያዘው፣ ማድረግ ያለባችሁ ሰው ይዞ መሮጥና 939 ደውሎ እሳት አደጋ መጥራት ነው። «ርችት አለበት» ብላችሁ ንገሯቸው። ይህቺን ቃል ደብቃችሁ ሊያጠፋ የሚመጣውን ሰው ለሞት አትዳርጉት።

ሌላው የማናውቀው ነገር የመቆለፉ ጉዳይ ነው። እፍኝ ባሩድ በተከፈተ ሳህን ላይ ቢነድ ፉ ብሎ ያልቃል። ያንኑ እፍኝ አጥብቃችሁ ዘግታችሁ ብታነዱት ይፈነዳል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። እናንተ ደግሞ ሌባ ፈርታችሁ የምትቆልፉት የት ነው? የብረት ኮንቴነር ውስጥ!

ኤንስኬዴ የምትባል የኔዘርላንድ ከተማ አለች። ግንቦት 5 ቀን 1992 ዓ.ም. ቅዳሜ ከሰዓት፣ መኖሪያ ሰፈር መሃል ያለ አንድ የርችት መጋዘን እሳት ያዘው። ርችቱ ይቀመጥ ከነበረባቸው ነገሮች መካከል እኛ ሱቅ የምናደርጋቸው ዓይነት ኮንቴነሮች ነበሩበት። እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። መጀመሪያ ላይ ሰማዩ ላይ ቀለም ስለነበረ፣ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ዋናው ፍንዳታ መጣ። 23 ሰው ሞተ፤ አራቱ ሊያጠፉ የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ወደ 950 ሰው ቆሰለ። በመቶ የሚቆጠር ቤት ፈረሰ። ያ ሁሉ የሆነው ደንብና ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው። የእኛን ቆርቆሮ ሰፈር አስቡት።

ሌላም ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1994 ዓ.ም. ፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ፣ የበዓል ሸማች ግጥም ባለበት ገበያ፣ አንዲት ርችት እንዴት እንደምትሠራ ለማሳየት ተለኮሰች። አጠገቡ ለሽያጭ የተከመረው ሁሉ ተያያዘ። ከ270 በላይ ሰው አለቀ። ሱቅ በር ላይ «እስቲ አንዷን ሞክራት፣ ትሠራለች?» የምትሉ፣ ሰምታችኋል?

አሁን ወደ እኛ ሱቅ እንግባ። የሰፈራችን ሱቅ የማይችለው የለም። ከፊት ብስኩትና ሳሙና። ከባንኮው ሥር በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን፣ ለሞተርና ለባጃጅ በድብቅ የሚሸጥ። ጥግ ላይ ላምባ በጀሪካን። ከላይ ከጎረቤት የተሳበ የተላጠ የመብራት ገመድ። ኮርኒሱ ማዳበሪያ። እዚያው ግድግዳው ላይ ቆጥ ተሠርቷል። ባለሱቁ የሚተኛው ቆጡ ላይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን የብረቱን በር ከውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን ትራሱ ሥር ያደርጋል። መስኮት የለውም። መሰላሉ የሚያወርደው ወደ ባንኮው ነው፤ ቤንዚኑ ወዳለበት። የርችት ካርቶን ስትጨምሩበት ምን እንደሠራችሁ ይታያችኋል?

እና እናንተ ነጋዴዎች፣ መጀመሪያ የምትገድሉት ራሳችሁን ነው። ወይም ከገጠር ያመጣችሁትን፣ ሱቅ የሚጠብቅላችሁን ታናሽ ወንድማችሁን።

ከነጭራሹ አትያዙ ማለት ነው ደስ የሚለኝ። ፖሊስም በበዓላት ዋዜማ ርችት አትተኩሱ እያለ ሲያሳስብ ሰምተናል። እንደማትሰሙ ግን አውቃለሁ፤ በዋዜማው ማታ ጆሮዬ ይነግረኛል። ለማትሰሙት ይህን ልበል። ሰው በሚያድርበት ቤት አታሳድሩት፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥርም ቢሆን። ከነዳጅ፣ ከከሰል፣ ከመብራት ገመድ ጋር አታኑሩት። ከካርቶኑ አውጥታችሁ ፍሬ በፍሬ አትቸርችሩ። መመሪያው ካርቶኑ ላይ ይቀራል፤ ሲጀመርም በቻይንኛ ነው። ለልጅ አትሽጡ፣ «አባዬ ነው የላከኝ» ቢላችሁም። አባትየው እግር አለው፣ ይምጣ። እርጥበት የገባበትን ደግሞ ፀሐይ ላይ አታድርቁ፣ ምድጃ አጠገብም አታሙቁ። አንዴ የራሰ ርችት ሲደርቅ መቼና እንዴት እንደሚነሳ አይታወቅም። ጥቂት ፍሬ ከሆነ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩትና ከነእርጥበቱ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ካርቶን ሙሉ ከሆነ ግን አትነካኩት፣ ለእሳት አደጋ ደውሉ።

ወላጆች፣ እናንተም አላችሁበት። ያቺ ልጆች በእጃቸው ይዘው የሚያሽከረክሯት፣ ብልጭ ብልጭ የምትል ሽቦ ምንም አታደርግም ትላላችሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሽቦዋ ጫፍ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ለአራት ዓመት ሕፃን የፈላ ጀበና አታስይዙትም፤ ይህችን ግን አስይዛችሁ ፎቶ ታነሱታላችሁ። ያውም የናይለን የበዓል ልብስ አልብሳችሁ።

ዱሮ ለቡሄ ጅራፍ ነበር። ልጁ ራሱ ይገምደዋል፣ ራሱ ያጮኸዋል፣ ቢስት የሚገርፈው የራሱን እግር ነው። ባለፈው ነሐሴ ሆያ ሆዬ ሊሉ ከመጡት ልጆች አንዱን «ጅራፍህስ?» ብለው፣ ኪሱን ገልጦ ርችት አሳየኝ። ከኪሱ! ሙልሙሉን ሰጥቼ ርችቱን ተቀበልኩት። አኩርፎ ሄደ። እስካሁንም ሰላም አይለኝም፤ ይሁን።

የማይፈነዳ ሲገጥማችሁ ጎንበስ ብላችሁ አትዩት። ክሩ ውስጥ ለውስጥ ሊነድ ይችላል። ሩብ ሰዓት ያህል ርቃችሁ ቆዩና ራቅ ብላችሁ ውኃ ድፉበት። ሰው ቢቃጠል ደግሞ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ቀዝቃዛ ውኃ እየፈሰሰበት 20 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በበዓል ማታ ቧንቧው ፉ ብሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከዋዜማው ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ። ዓይን ከተመታ አትሹት፣ አትጫኑት። ሳይነካው የሚከልል ነገር፣ የወረቀት ኩባያም ቢሆን፣ ደግፋችሁበት በፍጥነት ሐኪም ቤት ውሰዱት። አምቡላንስ 907 ነው።

ዳር አገር መኖራችንንም አንርሳ። መሃል ከተማ የተተኮሰ ርችት አስፋልት ላይ ይወድቃል። እኛ ጋ ከመጨረሻው ብሎክ አጥር ማዶ የገበሬ ማሳ ነው። ገና የሚውለው ጤፉ ታጭዶ በተከመረበት፣ አውድማው በተለቀለቀበት ሰሞን ነው። ሣሩም ደርቋል። አንድ ክምር የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው፤ ጭዱ ደግሞ የከብቶቹ። በየማለዳው ወተት በጀሪካን የሚያመጡልን ሰዎች ናቸው እነዚህ። ሮኬቷ ከበረንዳችሁ ተነስታ ወዴት እንደምትወርድ አታዩም፣ እነሱ ግን ያያሉ።

ስለ ድምፁም አንድ ነገር። እኛ ብሎክ ውስጥ ጦርነት ካለበት አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ እናት አሉ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችቱ ሲጀምር ልጆቻቸውን ይዘው መታጠቢያ ቤት ገብተው ወለሉ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። «ርችት ነው እኮ» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ። ግን አልተነሱም። ሌሎቻችንም ብንሆን በዚህ ዘመን ጧ ሲል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ተኩስ ነው ርችት?» ብለን ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። የዚያን ዕለት እህቱን ከሰሏን ይዛ ወዲያ እንድትሄድ አደረግኩ። ከዚያ ተጨቃጨቅን። «ገንዘቤስ እትዬ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ገንዘቡ ነው። ግማሽ ዋጋውን ለመክፈል ተስማማንና ሃምሳዎቹን ፍሬዎች ባልዲ ውስጥ ነከርናቸው። ቀለማቸው ለቆ ውኃው ቀይ ሆነ። ተገላገልን ብዬ ሽንኩርቴን ይዤ ልሄድ ስል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ ያልተከፈተ ካርቶን አለ» አለኝ። የት? ቆጡ ሥር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የሚያድረው እህቱ ቤት ነው፤ እኔ ነኝ ያስገደድኩት። ካርቶኑን ወደ ጅምላ ሻጩ ልመልሰው ነው ይላል፣ ሻጩ ደግሞ ስልክ አያነሳም። እስከ ነገ ማታ ካልወጣ 939 እደውላለሁ ብዬ ነግሬዋለሁ። ይህን ያነበባችሁ የሰፈሩ ሰዎች ሱቁን ታውቁታላችሁ። ስታልፉ ንገሩት፤ ባልዲውም ደጄ ላይ አለ፣ የፈለገ ይውሰደው።