ትኩስ ነው!

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የሰፈራችን መንገድ ታጠበ። ቦቴ መጥቶ አቧራውን ከላይ እስከ ታች አራሰው። እኛ ጀሪካናችንን ይዘን ከብሎኩ ሥር ቆመን አየን፤ ቧንቧችን ከደረቀ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። «ማን ሊመጣ ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ። ፒያሳ በ2016 ስትፈርስ ነው ወደኛ ሰፈር የመጣችው፣ ገና አልለመደችም። «ምልከታ አለ» አልኳት።

ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ እስከ የካ አባዶ፣ የከተማውን ጫፍ ጫፍ የያዛችሁ ሁሉ ነገሩ ገብቷችኋል። ሁለት ኮስተር ሙሉ የምክር ቤት አባላት፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገው፣ የሰፈሩን መታደስና የኢኮኖሚ ልማቱን ሊገመግሙ ይመጣሉ። ታክሲው በጓሮ ይዞራል። እኔም አርፍጄ ሥራ ገባሁ፣ ግን አልቆጨኝም። ሳያይ የሚፈርድ ሰው የትም ሞልቷል። ሰፈር ለሰፈር በእግሩ ዞሮ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ምንም ሳያይ የሚመለስ ግን ጸጋ ያለው ብቻ ነው።

ቃላቸውማ! ግማሹ ተነጥፎ የቆመው ኮብልስቶን «አበረታች» ነው። ያልተነጠፈው ግማሽ ደግሞ «የበለጠ አበረታች»፤ ገና የሥራ ዕድል ይፈጥራላ። ክፍቱ ቦይ «ውስንነት» ይባላል። ባለፈው ክረምት አንድ ባጃጅ ከነተሳፋሪው ውስንነት ውስጥ ገብቶ በገመድ ነው የወጣው።

ግን ዳቦ ቤቱን ሳልነግራችሁ አላልፍም።

በማኅበር ለተደራጁ አምስት ወጣቶች ሼድ ተሰጣቸው፤ በብድር የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ተገዛላቸው። ማሽኑ 380 ቮልት ይፈልጋል፣ ያው ስሪ ፌዝ የምንለውን። ሼዱ ውስጥ የገባው ግን እቤታችን ያለው 220 ነው። ትራንስፎርመር እየተጠበቀ ነው። ከመቼ ጀምሮ? ይሄው አምስተኛ ምልከታችን። (እኛ ሰፈር ጊዜ የሚቆጠረው በምልከታ ነው።) ማሽኑ እስከ ዛሬ አንድ ዳቦ ጋግሮ አያውቅም፤ የበሩ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆቹ በማለዳ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ሰባ ዳቦ ይገዛሉ። ማሽኑ ውስጥ ይደረድራሉ። ነጭ ጋዋን ይለብሳሉ። አንዷ ጉንጯ ላይ ዱቄት ትነሰንሳለች። ይሄ የራሷ ፈጠራ ነው፣ ማንም አላዘዛትም።

ሐሙስም በሩ ተከፈተ። ካሜራ ተደገነ። ከፊት ያሉት ሰውዬ አንድ ዳቦ አነሡ፣ ቆረሱ፣ ጎረሱ። ዳቦው የአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። «ትኩስ ነው!» አሉ። ከኋላ ያሉትም እየተቀባበሉ «ትኩስ ነው» ተባባሉ። አንዷማ እንዳይፈጃት እፍ ስትል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ማስታወሻ የያዘው «በቀን ስንት ትጋግራላችሁ?» አለ። ልጅቷ ትሪውን ቶሎ በዓይኗ ቆጥራ «ሰባ» አለችው። ጻፈ። «ወደ ሰባት መቶ አሳድጉት» ብሎም አቅጣጫ ሰጠ። ሌላው ማሽኑን ደባብሶ «ሙቀቱ ሠራተኛውን እንዳይጎዳ» ሲል አሳሰበ። ማሽኑ እኮ እንደ መቃብር ቀዝቅዟል! ገመዱ ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታስሮ እግራቸው ሥር ተኝቷል። ተራ በተራ ተራመዱት። አንድም ሰው አልተደናቀፈ።

ብድሩ ግን ትራንስፎርመር አይጠብቅም። በየወሩ ይከፈላል። ከአምስቱ ሁለቱ ጥለው ሄደዋል፤ አንዱ ሲኖትራክ ላይ ረዳት ሆኗል። የቀሩት የሚከፍሉት ከእናቶቻቸው ዕቁብ ነው። ያ ሁሉ ሰው ገብቶ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «እስቲ አብሩት» ማለት ያቅተዋል? ማብሪያው እኮ እዚያው ግንባራችሁ ላይ ነው! የሰው ልጅ ዕድሜ እየባከነ ከጎኑ ቆማችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ?

ይቅርታ። ትንሽ ውስንነት ውስጥ ገባሁ።

ከዳቦው ወጥተው ጎረቤቴ ጀበና ጋ ቆሙ። «ለውጡን እንዴት አየሽው?» ተባለች። «ፒያሳ እያለሁ ደንበኛ...» ብላ ሳትጨርስ ማይኩ አመስግኗት አለፈ። ማታ በስልክ አየነው፤ ከፎቶዋ ሥር «የልማቱ ተጠቃሚ» ይላል።

ደግሞ እንዴት ያለ መተማመን አለን መሰላችሁ። ሚያዝያ 2005 ተሰልፌ ለአካባቢ ምክር ቤት ድምፅ ስሰጥ ልጄ አልተወለደችም ነበር። አሁን ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ከዚያ ወዲህ ለዚያ ወንበር ተሰልፌ አላውቅም። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይተማመኑም።

ማታ በሼዱ በኩል አለፍኩ። ልጅቷ ዱቄቱን ከጉንጯ እየጠረገች ነበር። «ይውሰዱ ጋሼ» ብላ ከተረፈው ሁለት ዳቦ ሰጠችኝ።

«ምን አሏችሁ?»

«ምርታችሁን አስፉ፣ በሚቀጥለው ኬክ እናያለን አሉን።» ከወዲሁ ርካሽ ኬክ ቤት እያጠያየቀች ነው።

«ክሬሙ እስኪመጡ አይቀልጥባችሁም?»

«ኧረ ጋሼ፣ ማሽኑ ውስጥ እናስቀምጠዋለን።»