እንግሊዞች ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ለምን ይስቃሉ?

የብሪታንያን ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው በ45 ደቂቃ ውስጥ 24 ጥያቄዎች ቀርበውለት ቢያንስ 18ቱን በትክክል መመለስ ይጠበቅበታል። ለፈተናው የሚዘጋጁ ወገኖቻችን በ1066 ስለተካሄደው የሄስቲንግስ ጦርነት፣ ስለ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ስድስት ሚስቶችና ስለ ፓርላማው አሠራር ሲሸመድዱ ያመሻሉ። ይህን ሁሉ አጥንቶ ዜግነቱን ያገኘ ሰው ግን በማግስቱ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሻይ ሊጠጣ ሲቀመጥ፣ ጠና ያሉት እንግሊዞች በልጅነታቸው በትምህርት ቤት ይቀርብላቸው የነበረውን ሮዝ ኩስታርድ (ከወተት የሚሠራ ወፈር ያለ የጣፋጭ ማባያ) እያነሡ እንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ ያያል። እሱም ለወጉ ያህል አብሮ ፈገግ ይላል እንጂ ምኑ እንደሚያስቅ አይገባውም።

ነገሩ ተራ ቢመስልም ለእኛ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል፣ በተለይ ከሴቶቹ፣ በተለምዶ ኬር ሆም በምንለው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምንሠራ ብዙዎች ነን። ቀኑን ሙሉ የምንውለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ ከተወለዱ ሰዎች ጋር ነው፤ የእነሱም ጨዋታ ከልጅነት ወሬ አይርቅም። ለዓመታት ሳዳምጥ ከቆየሁ በኋላ የደረስኩበት ድምዳሜ፣ እነዚህ አረጋውያን ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩት ቀልድ ብዙውን ጊዜ በሳቅ የተጠቀለለ አቤቱታ ነው የሚል ነው። ማማረር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ትውልድ የጎደለበትን ነገር ሌላው ሰው ሳያዝንለት ለመናገር የሚችለው እያሳቀ ሲናገር ነው። ስለዚህ ሳቁን ብቻ ሰምቶ የሚያልፍ ተንከባካቢ ከጨዋታው ግማሹ ያመልጠዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከምሳው ልጀምር። የ1944ቱ የትምህርት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ለተማሪዎች ምሳና ወተት እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለባቸው። ዓላማው የሚመሰገን ነበር፤ ምግቡን በልተው ያደጉት ሰዎች የሚያስታውሱት ግን ከማለዳ ጀምሮ ሲቀቀል የሚውለውንና ሽታው እስከ መማሪያ ክፍል የሚደርሰውን ጥቅል ጎመን፣ በአይስክሬም ማንኪያ እየተዛቀ ድቡልቡል ሆኖ ሳህን ላይ የሚቀመጠውን የተፈጨ ድንችና ስፓም የተባለውን፣ በሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ የቆርቆሮ ሥጋ ነው። ከዚያ ጣፋጩ ይከተላል። ሰሞሊና በወተት የተሠራ ቀጠን ያለ ገንፎ ማለት ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ማንኪያ ቀይ ማርማላታ ጠብ ይደረግበታል። ማርማላታው ተማስሎ ሰሞሊናው በሙሉ ሮዝ ይሁን ወይስ ለመጨረሻዋ ጉርሻ ተለይቶ ይቀመጥ የሚለው ክርክር ያኔ ልጆቹን ለሁለት ይከፍል የነበረ ሲሆን፣ እኔ ባየሁት ሳሎን ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በ80 ዓመታቸውም አልታረቁም። ታፒዮካ የሚባለውን፣ ትንንሽ ድቡልቡል ፍሬዎች በወተት ተቀቅለው የሚሠሩትን ጣፋጭ ደግሞ ልጆቹ የእንቁራሪት እንቁላል ነበር የሚሉት፤ ላየው ሰው ስሙ አለቦታው የወጣ አይደለም።

ሳህኑን ያልጨረሰ ልጅ ከወንበሩ አይነሣም ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ ሊያኝከው ያልቻለውን ጅማታም ሥጋ በመሀረብ ጠቅልሎ በቁምጣው ኪስ ይዞት ይወጣ እንደነበርና ረስቶት ሰንብቶ እናቱ ልብስ ስታጥብ እንዳገኘችው፣ እጁን ወደ ኪሱ እየላከ በትርኢት ያሳየን ነበር። ተሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ታሪኩን ደጋግሜ ከሰማሁ በኋላ ነው፣ ያ የሚያስቅ ምሳ በቀን ውስጥ የሚያገኘው ብቸኛ ትኩስ ምግብ እንደነበር ጣል አድርጎ ያለፈው። ቀልዱን ደርዘን ጊዜ ነግሮናል፤ ይህችን ግን ከዚያ በኋላ አልደገማትም።

የወተቱም ታሪክ እንዲሁ ነው። ከ1946 ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ የፓይንት ሲሶ፣ ማለትም 190 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት በትንሽ ጠርሙስ በነጻ ይሰጠው ነበር። ሳጥኑ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ስለሚቀመጥ በክረምት ወተቱ በረዶ ሆኖ የብር ወረቀት ክዳኑን ወደ ላይ ገፍቶ ይወጣል፤ በበጋ ደግሞ ለብ ብሎ ሊጎረና ሲል ይደርሳል። አንዳንዴም ወፎች ክዳኑን በስተው ቅባቱን ቀድመው ይጠጡታል። አብዛኞቹ አረጋውያን ያን ወተት እንደሚጠሉት በመሐላ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ በ1971 በወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር ከሰባት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ወተቱን ሲያስቀሩ «ወተት ነጣቂዋ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ስሙም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እንኳ አልለቀቃቸውም። የሌበር ፓርቲ መንግሥት ከሦስት ዓመት በፊት በ1968 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወተት ማቋረጡን የሚያስታውስ ግን እምብዛም ነው። ሰው የሚጠላው ነገር ሲቀማበት የሚቆጣው፣ ወተቱ ከጣዕሙ ይልቅ የሚነግረው ነገር ስለነበረ ይመስለኛል፤ አገሪቱ ስለ ልጆቿ ታስባለች የሚል መልእክት ነበረው።

ስለ ራሽን የሚወራውን ለመረዳት እኛ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። በጣፋጭ ላይ የነበረው ራሽን በ1949 ተነሥቶ ሱቆቹ ወዲያው ባዶ በመቅረታቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ የገባ ሲሆን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው ጦርነቱ ካበቃ ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1953 ነው። በዚያን ቀን ልጆች የገንዘብ ማጠራቀሚያቸውን ሰብረው ወደ ሱቅ ሮጡ። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመውሰድ ተሰልፎ ያደገ ሰው የዚያን ቀን ደስታ በሚገባ ያውቀዋል። መብራት መሄድን እንደ ታላቅ ጀብዱ ሲያወሩት ግን ለእኛ ሰው ትንሽ ያስቸግራል። በ1974 መጀመሪያ ላይ በድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ውዝግብ ምክንያት መንግሥት ፋብሪካዎች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ኤሌክትሪክ እንዲጠቀሙ አዝዞ፣ ቴሌቪዥንም ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲዘጋ ተደርጎ ነበር። በዚያ ሰሞን በሻማ የቤት ሥራ እንደሠሩ እየተገረሙ ሲነግሩን፣ አብራኝ የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ዓይኗን ወደ እኔ ጣል አድርጋ ዝም አለች።

ብርዱ ግን ለእኛም አዲስ ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ አብዛኛው ቤት ማዕከላዊ ማሞቂያ አልነበረውም። ልጆች ጠዋት ሲነሡ በመስኮቱ መስታወት ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በረዶ ጋግሮ ያገኙት ነበር። የ90 ዓመት አዛውንት የሆኑ አንዲት እመቤት (በሥራ ደንባችን መሠረት በስማቸው ብቻ ልጠራቸው ይገባኝ ነበር፤ አፌ ግን እስከ መጨረሻው እሺ አላለኝም) በረዶውን በጥፍራቸው እየፋቁ ሥዕል ይሥሉበት እንደነበርና ከብርድ ልብሱ ሳይወጡ እዚያው ውስጥ ሆነው የትምህርት ቤት ልብሳቸውን ይለብሱ እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። ጋዙ ሳንቲም በሚጎርስ ቆጣሪ ስለነበር፣ ሺሊንጉ ሲያልቅ እሳቱ ይጠፋል። ከአራት እህቶቻቸው ጋር በአንድ አልጋ መተኛታቸውን ሲያወሩ የሚያስቁት መካከል የምትተኛዋን ለመምረጥ በሚደረገው ጠብ ነው። ታናሽ እህታቸው በሳንባ ምች መሞቷን የሰማሁት ከልጃቸው ነው።

ይህ ሁሉ ኀዘን ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ንጹሕ ሞኝነት የሆነም ሞልቷል። በ1976 በጋ፣ በእንግሊዝ ለተከታታይ 15 ቀናት በሆነ ቦታ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በልጦ፣ ውሃ ጠፍቶ፣ ሕዝቡ በባልዲ ከመንገድ ቧንቧ ሲቀዳ፣ መንግሥት ዴኒስ ሃወልን የድርቅ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ። ሰውየው በተሾሙ በቀናት ውስጥ ዝናቡ ወረደ፤ ጎርፍም ተከተለ። ያኔ ልጅ የነበሩት ሰዎች ይህን ሲያወሩ የሚኒስትሩን ሥራ በዓለም ላይ ከሁሉ የተሳካው ሹመት ይሉታል።

ኮንከርም አለ። ሆርስ ቼስትነት ከሚባለው ትልቅ ዛፍ በመከር ወራት የሚረግፈውን ቡናማ ፍሬ በስተው በክር ያንጠለጥሉና ተራ በተራ የተፎካካሪን ፍሬ ይመታሉ፤ ያልተሰበረው ያሸንፋል። ፍሬውን ለማጠንከር በኮምጣጤ የሚነክር፣ በምድጃ የሚያደርቅ፣ ለዓመት የሚደብቅ ልጅ ነበር፤ ሁሉም ይህን ያደርጋል፣ ሁሉም ሌላውን አጭበርባሪ ይላል። ጨዋታው ከ1965 ጀምሮ በኖርዝሃምተንሻየር የዓለም ሻምፒዮና ይካሄድበታል። በ2024 የወንዶቹን ውድድር ያሸነፉት የ82 ዓመት ሰው በኪሳቸው ከብረት የተሠራ ኮንከር ተገኘባቸውና አዘጋጆቹ ምርመራ ከፈቱ፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። ሰውየው የብረቱን ፍሬ ለቀልድ ያህል እንደያዙት አስረድተው በመጨረሻ ነጻ ወጡ። በነገራችን ላይ፣ በጠቅላላው ውድድር ፍጻሜ እሳቸውን ያሸነፈቻቸው አሜሪካዊት ነበረች፤ እንግሊዞቹን ይበልጥ ያሳዘናቸው የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

የዚህ መከራን በሳቅ የማውራት ጨዋታ ሕግ ለእኛ የሚከብደን ከባህላችን ጋር ስለሚጋጭ ነው። አንድ ሰው መከራውን ሲነግረን ደማችን የሚያዘው «ውይ የኔ እናት!» ብለን ደረታችንን እንድንይዝ ነው። እንዲህ ስንል ግን ቀልዱ ይሞታል፣ ተናጋሪውም ያፍራል። የእኛ ልጅነት ከዚህ የባሰ ነበር ብሎ መጀመርም አያዋጣም። እንግሊዞች ራሳቸው ይህን የድህነት ፉክክር ገና በ1967 በቴሌቪዥን ተሳልቀውበታል፤ በዚያ አጭር ቀልድ ላይ አራት የከበሩ የዮርክሻየር ሰዎች ወይን እየጠጡ የማን ልጅነት ይበልጥ የከፋ እንደነበር ይወዳደራሉ፣ ውሸቱም እየገዘፈ ይሄዳል። የሚሻለው ሲስቁ መሳቅ፣ ከዚያ ስለ አንዲት ጥቃቅን ነገር መጠየቅ ነው፤ ወተቱን ማን ያድል ነበር? ሺሊንጉ የት ይቀመጥ ነበር? ከበድ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች ይህ የሥራው ዋና አካል ነው። በተለምዶ የቅርቡ ትውስታ ቀድሞ ይጠፋል፣ የልጅነቱ ይቆያል፤ የልጃቸው ስም የጠፋቸው ሰው ስለ ሰሞሊናው ሊከራከሩ ይችላሉ።

የማልስማማበትም አለ። ከእነዚህ ትዝታዎች ጋር አብሮ የሚመጣው «እኛ እንዲህ አድገን ምን ሆንን?» የሚለው ኩራት ነው። የመኪና ቀበቶ አናውቅም ነበር፣ መንገድ ላይ ስንጫወት እንውል ነበር፣ አስተማሪው በአለንጋ ይገርፈን ነበር፣ ግን ይኸው አለን ይላሉ። በ1966 በታላቋ ብሪታንያ መንገዶች ላይ 7,985 ሰዎች ሞተዋል፤ በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ መኪናው እጅግ በዝቶ ሳለ ከ1,800 በታች ነው። ያኔ የሞቱት ልጆች ትዝታቸውን ሊያወሩ አልቻሉም። ግርፋቱን በተመለከተ፣ ፓርላማው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲቀር የወሰነው በ1986፣ 231 ለ 230፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። በስኮትላንድ አስተማሪዎች ለዚሁ የተሠራ ወፍራም የቆዳ ጠፍር ይጠቀሙ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ያደጉ የካሪቢያን ተወላጆች ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው፤ ከእነሱ ልጆች ብዙዎቹ «የትምህርት አቅማቸው ዝቅተኛ ነው» ተብለው ከቁጥራቸው በማይመጣጠን ሁኔታ ወደ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። እነሱም ስለዚያ ዘመን ይቀልዳሉ፣ ግን ከማን ጋር እንደሚቀልዱ ይመርጣሉ።

አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ልጆች ሆኗል። እዚህ ተወልደው ያደጉት ሃያዎቹንና ሠላሳዎቹን ይዘዋል፤ ሲሰበሰቡ በ2009 መጀመሪያ ላይ ስለተዘጋው የዉልዎርዝስ ሱቅና ከዚያ በክብደት እየተመዘነ ስለሚገዛው ከረሜላ ያወራሉ። ቀጥሎ ወደ እኛ ይመጣሉ። ጓደኞቻቸው ካርቱን ሲያዩ እነሱ ቅዳሜ ጠዋት ፊደል ሊቆጥሩ መወሰዳቸውን፣ ጓደኛ ቤት ማደር መከልከላቸውን፣ የደንብ ልብሳቸው ቁሌት ቁሌት ይሸት ስለነበር አውቶቡስ ላይ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ እንደነበር ያወራሉ፤ በሳቅም ይፈርሳሉ። እኛም አብረን እንስቃለን። ባለፈው የገና በዓል ልጄ የቁሌቱን ነገር ስታነሣ፣ ከእንግሊዞቹ የተማርኩትን አስታውሼ ያኔ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። «ብነግርሽማ» አለችኝ፣ «ትምህርት ቤት ድረስ መጥተሽ ለአስተማሪዋ ስለ በርበሬ ታስረጃት ነበር!»