የመስጂዱ ውሃ የማን ነው?

ባለፈው ጁሙዓ መስጂድ ውስጥ ውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት፣ ለማድረግ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያለው ወጣት ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ለቀቀው። ከዚያ ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ። እጅጌውን ሰበሰበ። ስልኩ ጠራ፣ አየት አድርጎ ኪሱ ከተተው። ውሃው ይወርዳል። ምንም አላልኩትም። ተራዬ ሲደርስ እኔም ያው እንደማደርግ ስለማውቅ አፈርኩ።

ቤት ግን እንዲህ አናደርግም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። ሲጠፋ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳን ውዱእ እናደርጋለን። አንድ ጆግ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ያንን ጀሪካን ማን ተሸክሞ እንዳመጣው እናውቃለንና።

ለነገሩ መጠኑን ድሮውኑ ተምረነዋል። የነቢዩ ባልደረባ አነስ ኢብን ማሊክ እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ገላቸውን የሚታጠቡት ደግሞ ከአንድ ሷዕ፣ ማለትም ከ4 ሙድ፣ እስከ 5 ሙድ በሚሆን ውሃ ነበር። ይህን ሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩን ንግግርና ተግባር የሚያስተላልፍ ዘገባ፣ ሁለቱ የሐዲስ ሰብሳቢዎች ኢማም ቡኻሪም ኢማም ሙስሊምም ዘግበውታል። ሙድ ሁለት መዳፍ ገጥመው የሚያፍሱት ያህል ነው። በዛሬው ስሌት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። እኛ ያን ያህሉን ገና ካልሲ ሳናወልቅ እናፈሰዋለን።

የመስጂድ ውሃ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የፊቅህ (የኢስላም ሕግ) ሊቃውንት በወንዝ ዳር እንኳ ማባከንን ይጠላሉ። ለወቅፍ፣ ማለትም ለሕዝብ መገልገያ ለአላህ ተብሎ፣ በተሰጠ ውሃ ላይ ማባከንን ግን ሐራም ነው ያሉ አሉ። ምክንያቱም ውሃው የጀመዓው፣ የሰጋጁ ሁሉ፣ ሐቅ ነው። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ድርሻ አለበት።

ስለ ኢስላምና ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ችግኝ ነው። ይነሳ፣ ደስ ይለኛል። ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት በሐዲስ ተነግሮናል። ግን ክረምት ላይ ተክለን በጋ ላይ ስንቱን አጠጣነው? በቀን አምስት ጊዜ በየመስጂዱ ወደ ቱቦ የሚሄደው የውዱእ ውሃ ሳሙና እንኳ የሌለበት ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ሲጫኑት ብቻ የሚፈስ፣ እጅ ሲነሳ የሚዘጋ ቧንቧ ይገጠም። አቅም ከሌለ ጆግ ይቀመጥ። ኢማሞቻችንም አንድ ኹጥባ (የጁሙዓ ስብከት) ለሙዱ ሐዲስ ይስጡልን። የውዱእ ቦታው መውረጃ ደግሞ ወደ ግቢው ተክል ይዙር። እኔ በምሰግድበት መስጂድ አጥሩ ሥር ያሉት ችግኞች ቅጠላቸው ደርቋል። ከቧንቧዎቹ እስከ እነሱ አሥር እርምጃ አይሞላም።